ባለ 10 እጥፍ ተጣጣፊ አጉሊ መነጽር፦ የደጋችንን አበባማ ቁጥቋጦዎች በዱር ለመለየት

ዕፅዋትን በስማቸው ማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊገዛው የሚገባ ዕቃ ባለ 10 እጥፍ ተጣጣፊ አጉሊ መነጽር ነው ብዬ አምናለሁ። ወርቅ ሠሪዎች በጌጥ ላይ የተመታውን ማኅተም ለማንበብ፣ ሰዓት ጠጋኞችም ጥቃቅን ጥርሶችን ለመመርመር የሚይዙት ዓይነት ነው። በውስጡ ሦስት ሌንሶች ተጣብቀው እንደ አንድ ሌንስ ይሠራሉ፤ ሥራውን ሲጨርስ ታጥፎ ወደ ብረት ሽፋኑ ይገባል፤ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ በሸሚዝ ኪስ ይያዛል ወይም በክር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ወርቅ ቤት ውስጥ የሚሰጠውን አገልግሎት ለባለሙያዎቹ ትቼ እኔ የምመዝነው በአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ እርሱም በተራራ ላይ አበባ ያወጣ አገር በቀል ቁጥቋጦ ፊት ቆሞ ማንነቱን ለመለየት የሚጥርን ሰው ምን ያህል እንደሚረዳ ነው።

ይህ ሥራ በአገራችን ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያና በኤርትራ ወደ 6000 የሚጠጉ የከፍተኛ ዕፅዋት (በውስጣቸው ውኃና ምግብ የሚያስተላልፍ ቧንቧ ያላቸው) ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ከመቶ አሥር ያህሉ በሌላ የዓለም ክፍል የማይበቅሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የጀመረውና በ2009 የተጠናቀቀው የዕፅዋት ጥናት እነዚህን ሁሉ በመጻሕፍት ዘርዝሮ፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚያስችሉ ጥንድ ጥንድ ጥያቄዎችን አዘጋጅቶልናል። ጥያቄዎቹን የተከተለ ሰው ግን ብዙም ሳይርቅ ባዶ ዓይን የማይመልሳቸው ነጥቦች ላይ ይደርሳል። የቀንበጡ ፀጉር ቅርንጫፍ አለው ወይስ የለውም? የቅጠሉ ጀርባ ላይ ያለው ጠጉር ኮከብ ይመስላል ወይስ ቀጥ ያለ ነው? ቅጠሉ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦች ይታዩበታል? ጥናቱን የሠሩት ባለሙያዎች አጉሊ መነጽር በእጃችን እንዳለ ቆጥረው ነው የጻፉት፤ ያለ እርሱ የመጻሕፍቱን ግማሽ ያህል ብቻ እየተጠቀምን ነው ለማለት እደፍራለሁ።

ዛሬ ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ስም የሚነግረውን የስልክ መተግበሪያ ይጠቀማል፤ በዚህ ቅሬታ የለኝም፤ ለመነሻ ያህል ጠቃሚ ነው። ነገር ግን መተግበሪያው የሚያየው የተሰጠውን ፎቶ ነው። ፎቶው የቁጥቋጦውን ጠቅላላ መልክና የአበባውን ቀለም ካሳየ መልሱም በዚያው ልክ ጥቅል ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወገኑን ያገኘዋል፣ ከቅርብ ዘመዳሞች መካከል የትኛው መሆኑን ግን ለመወሰን የሚያስችለው ዝርዝር በፎቶው ውስጥ የለም። ለመማር ከመተግበሪያው የተሻለው መንገድ ስሙን እንደ ጥቆማ ተቀብሎ ጥቆማውን በአጉሊ መነጽር መመርመር ነው።

ስለ መነጽሩ ግዢ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በገበያ ላይ ካሉት አብዛኞቹ ስለ ኃይላቸው የተጻፈባቸው ቁጥር እውነት አይደለም። «30 እጥፍ»፣ «40 እጥፍ»፣ አልፎ ተርፎም «60 እጥፍ» የተቀረጸባቸው ርካሽ መነጽሮች በብዛት ይሸጣሉ፤ ገዢውም ቁጥሩ በበለጠ መጠን ዕቃው የተሻለ ይመስለዋል። እውነቱን ለማወቅ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። አንድ አጉሊ ሌንስ የሚያጎላበት እጥፍ የሚገኘው 250 ሚሊሜትርን ለትኩረት ርቀቱ በማካፈል ስለሆነ፣ እውነተኛ ባለ 10 እጥፍ ሌንስ ነገሩን አጥርቶ የሚያሳየው ከሌንሱ 25 ሚሊሜትር ገደማ ሲርቅ ነው። እውነተኛ ባለ 30 እጥፍ ቢሆን ኖሮ ከ8 ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ብቻ፣ ዕቃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ነበር የሚያጠራው። ስለዚህ መነጽሩን ዓይን ላይ አድርጎ ማስመሪያ ወይም የታተመ ወረቀት ቀስ በቀስ ማቅረብና ጽሑፉ የጠራበትን ርቀት መገመት ይበቃል። «30» ተብሎ ተጽፎበት በሁለት ተኩል ሳንቲሜትር ላይ የሚያጠራ ከሆነ ባለ 10 እጥፍ ነው ማለት ነው፤ ለባለ 30 ዋጋ ከመክፈል ይልቅ ዋጋውን በዚያው ልክ መከራከር ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና የጥራት ነው። ሚሊሜትር የተሰመረበት ማስመሪያ በመነጽሩ ሲታይ መስመሮቹ ከመሐል እስከ ዳር ቀጥ ብለው መታየት አለባቸው። አንድ ሌንስ ብቻ ባለው ርካሽ ዓይነት ከመሐል ራቅ ሲሉ መስመሮቹ ይጎብጣሉ፤ በጥቁሩ መስመር ዳርም ቢጫና ሰማያዊ ጭረት ይወጣል። ሦስቱ ሌንሶች አንድ ላይ የተጣበቁት ይህንን የቀለም መበተንና የምስል መጉበጥ ለማረም ነው። የቀለሙ ጭረት በወርቅ ማኅተም ላይ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ የአንድ ፀጉር ጫፍ ቀይ ዕጢ አለው ወይስ የለውም ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን ሐሰተኛ ቀለም ማለት ሐሰተኛ መልስ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ባለ ሦስት ሌንሱ ከባለ አንዱ በእጅጉ ቢወደድም ልዩነቱ የሚከፈልለት ነው።

አያያዙም እንደ ግዢው ሁሉ ወሳኝ ነው፤ ብዙ ሰው መነጽሩን የሚጥለው አያያዙን ስለማያውቅ ነው። ከልማድ የተነሣ ሌንሱን ወደ ተክሉ አስጠግቶ ከሩቅ መመልከት ይቀናል፤ እንዲህ ሲደረግ የሚታየው ስፍራ እጅግ ጠባብ ይሆናል፣ ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ትክክለኛው መንገድ ሌንሱን ቅንድብ እስኪነካ ድረስ ወደ ዓይን ማስጠጋት፣ መነጽሩን የያዘውን እጅ ጉንጭ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም በሌላው እጅ ቀንበጡን ቀስ እያሉ ወደ ሌንሱ ማምጣት ነው። ሁለቱ እጆች ቢነካኩ ነፋስ ባለበት ተራራ ላይ እንኳ ምስሉ ይረጋል። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው ማውለቅ አያስፈልገውም። ብርሃን ከጎን እንዲመጣ መቆም ይመከራል፤ ፀጉርና ዕጢ ጥላቸው ሲወድቅ ነው ጎልተው የሚታዩት። ቁጥቋጦው ቅርንጫፉ የማይታጠፍ ከሆነ ተንበርክኮ ራስን ወደ እርሱ ማስጠጋት እንጂ መስበር አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንምጣ። ለዚህ ዕቃ ከሁሉ የተሻለው መፈተኛ አስታ ነው። አስታ፣ በአንዳንድ አካባቢ ውጨና የሚባለው፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ፣ ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ስም የሰጠው ቁጥቋጦ ሲሆን ከሜዲትራኒያን ዳርቻ አገሮች አንስቶ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ድረስ ይበቅላል። በእኛ ዘንድ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በባሌ እንዲሁም ለአዲስ አበባ ቅርብ በሆነው የወጨጫ ተራራ ላይ፣ ከመናገሻ ሱባ ደን በላይ ይገኛል። ከሩቅ ሲታይ ጠቆር ያለ፣ መርፌ መሳይ ቅጠል ያለው፣ አበባ ሲያወጣ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ቁጥቋጦ ነው። አበባ ባልያዘበት ጊዜ ገና ልጅ የሆነ ጽድ ሊመስል ይችላል፤ የጽድ ችግኝም በልጅነቱ ቅጠሉ መርፌ መሳይ ነውና።

አጉሊ መነጽሩ ሥራውን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ የአስታ ቅጠል ገልብጠን ብናየው ሁለቱ ጠርዞቹ ወደ ታች ተጠቅልለው ሊገናኙ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በመካከላቸው ከጫፍ እስከ ሥር የሚሄድ ነጣ ያለ ጠባብ ቦይ ይታያል። ይህ ቦይ ለባዶ ዓይን ከክር የቀጠነ መስመር ነው፤ በጽድ መርፌ ላይ ግን እንዲህ ዓይነት የተጠቀለለ ጠርዝ የለም። ቅጠሎቹ በግንዱ ዙሪያ በሦስት በሦስት ወይም በአራት በአራት ሆነው በአንድ ከፍታ ላይ መውጣታቸውም በመነጽሩ በግልጽ ይቆጠራል። ቀጥሎ ወደ ለጋው ቀንበጥ ስንሻገር የምናየው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ባዶ ዓይን ነጭ አቧራ ብቻ የሚያይበት ስፍራ በፀጉር የተሸፈነ ሆኖ ይገኛል፤ ከፀጉሮቹም አንዳንዶቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ከጎናቸው ቅርንጫፍ የሚያወጡ፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ የሚመስሉ ናቸው። አስታን ከበርካታ የኤሪካ ዘመዶቹ የሚለየው ይህ ቅርንጫፋም ፀጉር ነው። በሐሰተኛ ባለ 30 እጥፍ መነጽር ይህን ለማየት ስሞክር የፀጉሩ መኖር ቢታየኝም ቅርንጫፉ ከቀለሙ ጭረት ጋር ተደባልቆ ይጠፋ ነበር፤ በባለ ሦስት ሌንሱ ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ይለያሉ።

አበባው ርዝመቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን ነው። በመነጽሩ ግን አፉ በአራት ከንፈር የተከፈለ ነጭ ደወል ሆኖ ይታያል፤ በውስጡ የአበባ ዱቄት የሚሸከሙ ስምንት ክሮች አሉ፤ ከመሐላቸውም የሴቴው ዘንግ ከደወሉ አፍ ወጣ ብሎ ይታያል። ይህን መቁጠር የትዕግሥት ልምምድ ብቻ አይደለም። በባሌ ተራሮች፣ በተለይም ከሐረና ደን በላይ ባለው የዛፎች ወሰን ላይ፣ ኤሪካ ትሪሜራ የተባለ ሌላ ዘመድ ከአስታ ጋር ይበቅላል። ሁለቱን በቁመትና በቅጠል መልክ ለመለየት መሞከር ያታክታል፤ የትሪሜራ የአበባ ክፍሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት የተከፈሉ ናቸው። ሦስት ወይስ አራት የሚለው ጥያቄ ከስንዴ ቅንጣት ባነሰ አበባ ላይ የሚመለስ በመሆኑ ያለ መነጽር የሚሞክረው ሰው የሚያደርገው ግምት ነው።

ሁለተኛው ፈተና ቀጋ ነው። ሮዛ አቢሲኒካ የሚባለው ቀጋ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዝርያ ሲሆን በየመንና በሳውዲ ዓረቢያ ተራሮችም ይገኛል። አምስት ነጭ ወይም ፈዛዛ ቢጫ የአበባ ቅጠሎች፣ ወደ ታች የተቆለመመ እሾህ፣ ሲበስል ወደ ብርቱካናማ ቀይ የሚሄድና እረኞች የሚበሉት ፍሬ አለው። ከዚህ ሁሉ በኋላ መነጽር ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ትክክል ነው፤ ፍሬ የያዘ ቀጋ ማንንም አያሳስትም። ችግሩ አበባ ላይ ብቻ ሲሆን ነው። የዱር እንጆሪዎችም እሾሃም ናቸው፣ ቅጠላቸውም የተከፋፈለና ጥርሳም ነው፣ አበባቸውም ባለ አምስት ቅጠል ነው። መነጽሩን በአበባው መካከል ላይ ማድረግ ጥያቄውን በቅጽበት ይፈታዋል። እንጆሪ ከሆነ በመሐል ጉብ ያለ መቀመጫ ላይ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የሴቴ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተደርድረው ይታያሉ፤ ኋላ የፍሬው ቅንጣቶች የሚሆኑት እነዚሁ ናቸው። ቀጋ ከሆነ የሴቴው ክፍሎች ከአበባው በታች ባለው ድብብቅ ማሰሮ ውስጥ ስለሆኑ አይታዩም፤ የሚታየው ዘንጎቻቸው አንድ ላይ ተጣብቀው የሠሩት አንዲት ትንሽ አምድ ናት። ይህች አምድ ቀጋን ከበርካታ የግቢ ጽጌረዳዎችም ትለያለች፤ በእነርሱ ላይ ዘንጎቹ ተለያይተው እንደ ብሩሽ ይቆማሉ። በተተወ የድሮ ግቢ አጥር ላይ የተገኘ ነጭ ጽጌረዳ ቀጋ ነው ወይስ ከውጭ የመጣ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም።

አምጃ ላይ መነጽሩ ሌላ ደስታ ይሰጣል። ሃይፐሪኩም ሬቮሉተም የተባለው ይህ ቁጥቋጦ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ነጠላ ነጠላ ሆኖ በሚፈካው ደማቅ ቢጫ አበባው ከሩቅ ይታወቃል፤ ወገኑን ለማረጋገጥ ግን አንድ ቅጠል በፀሐይ አንጻር ይዞ በመነጽሩ ማየት ይበቃል። በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ብርሃን የሚያሳልፉ ነጥቦችና አጫጭር መስመሮች ይፈነጥቃሉ፤ ቅባት የያዙ ዕጢዎች ናቸው። የአበባው ወንዴ ክሮች ብዙ ሆነው ሳለ በአምስት ጥቅል የተከፋፈሉ መሆናቸውም ሥራቸው ላይ ሲታይ ይለያል። አንፋር ደግሞ የሚታየው ከቅጠሉ ጀርባ ነው። ግራጫ የሚመስለው ገጽታ በመነጽሩ ሲቀርብ እርስ በርሳቸው የተደራረቡ ጥቃቅን ኮከቦች ሆኖ ይገኛል፤ ብርቱካናማው አበባውም አፉ በአራት የተከፈለ፣ ወንዴ ክሮቹም አራት ናቸው። ግራዋን ለሚመለከት ሰው አንድ አበባ የሚመስለው እምቡጥ የብዙ ደቃቅ አበቦች ጉባኤ መሆኑን የሚያሳየውም ይኸው መነጽር ነው።

ይህን ሁሉ ካመሰገንኩ በኋላ የማይሠራበትን ስፍራ መናገር ግዴታዬ ነው፤ በተለይም አንዱ ስፍራ ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ። አጋምና መረንዝ የአንድ ቤተሰብ ቁጥቋጦዎች ናቸው። ሁለቱም ጥሩ መዓዛ ያለው፣ ነጭ ሆኖ ሮዝ ቀለም የነካው አበባ አላቸው፤ ሁለቱም ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ፤ ቅጠላቸውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ የሚወጣ፣ ወፍራምና አብረቅራቂ ነው፤ ፍሬያቸውም ሲበስል ይጠቁራል። የአጋምን ፍሬ ልጆች ይለቅሙታል፤ መረንዝ ግን ልብን የሚያቆም ኡዋባይን የተባለ መርዝ ያለው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለቀስት መርዝ ሲያገለግል የኖረ ተክል ነው። እዚህ ላይ አጉሊ መነጽር አውጥቶ አበባ ማየት ከመጀመር በፊት በዓይን እሾህ መፈለግ ይገባል፤ አጋም ጠንካራ፣ አንዳንዴም ጫፉ ሹካ የሆነ እሾህ አለው፣ መረንዝ ግን እሾህ የለውም። እሾህ አልባ ሆኖ የተገኘ አጋም መሳይ ቁጥቋጦ ፈጽሞ መቀመስ የለበትም፤ ወተቱ የነካው እጅም ወደ ዓይን ከመሄዱ በፊት መታጠብ አለበት። መነጽሩን በምንይዝበት ጊዜ ጣታችን ቅንድባችንን ስለሚነካ ይህ ጥንቃቄ ለዚህ ዕቃ ተጠቃሚ በእጥፍ ያስፈልጋል።

ዕቃው ራሱም ጉድለቶች አሉት። የሚታጠፍበት ብሎን በጊዜ ብዛት ይላላና ሌንሱ በራሱ ክብደት እየዞረ ከሽፋኑ ይወጣል፤ በትንሽ ጠመዝማዛ መፍቻ ማጥበቅ ይቻላል፣ በብሎን ፈንታ በሪቬት (ተመትቶ በማይፈታ የብረት ችንካር) የተያያዘ ከሆነ ግን መፍትሔ የለውም፤ ስለዚህ ሲገዛ የብሎኑን ራስ ማየት ጥሩ ነው። ማሰሪያ ክር የሚገባበት ቀዳዳ በብዙዎቹ ላይ እጅግ ጠባብ ከመሆኑም በላይ በአንዳንዶቹ ላይ ከነአካቴው የለም፤ ይህ ለወርቅ ቤት የተሠራ ዕቃ መሆኑን ያሳያል፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥን ዕቃ አንገት ላይ ማሰር አያስፈልግምና። የሌንሱ ቀለበት የሚያብረቀርቅ ብረት ከሆነ ፀሐይ በሚበረታበት ከፍታ ላይ ብርሃኑን ወደ ዓይን ይመልሳል፤ ጥቁር ቀለበት ያለው እጅግ የተሻለ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ከዕቃው ጋር ስለ አያያዙ አንድም መመሪያ አለመኖሩ ነው፤ ከላይ የጻፍኩትን አያያዝ የሚያሳይ አንዲት ሥዕል በማሸጊያው ላይ ብትታተም ብዙ ሰው ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ አይጥለውም ነበር።

መብራት የተገጠመላቸው ዓይነቶች ለዚህ ሥራ አስፈላጊ አይደሉም። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ መብራቱ ይረዳል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከፊት ለፊት ስለሚመጣ የፀጉሩን ጥላ ያጠፋዋል፣ ባትሪውም ተረስቶ ሲቀር አፍስሶ ብረቱን ይበላል። እውነተኛ ባለ 20 እጥፍም ለጀማሪ አልመክርም፤ ተክሉ ከሌንሱ 12 ሚሊሜትር ያህል መቅረብ ስላለበት የራሳችን ጥላ ይጋርደዋል፣ የሚታየው ስፍራም በጣም ይጠባል፤ እርሱ ቤት ውስጥ ረግቶ ለሚሠራ ሰው ነው። 10 እጥፍ የደጋ ቁጥቋጦዎቻችን የሚጠይቁትን ዝርዝር ከሞላ ጎደል ያሟላል።

ከስልክ ጋር አብሮ መሥራቱ ግን ያልጠበቅሁት ጥቅሙ ነው። ሌንሱን በስልኩ ካሜራ ፊት አጥብቆ በመያዝ፣ ቀንበጡንም በሁለት ተኩል ሳንቲሜትር ርቀት ላይ በማድረግ የሚነሣ ፎቶ የአስታን ቅርንጫፋም ፀጉር ለሌላ ሰው ለማሳየት ይበቃል፤ ዳሩ ይጨልማል፣ መሐሉ ግን ጥርት ያለ ነው። በዚህ መንገድ የተነሣ ፎቶ ከጠቅላላው የቁጥቋጦ መልክ፣ ከቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ ከቦታውና ከከፍታው ጋር ተያይዞ ቢቀርብ በአራት ኪሎ የሚገኘው የብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ማከማቻ) ባለሙያም ሆነ ሌላ ዐዋቂ የተሟላ መልስ ለመስጠት የሚያስችለውን ነገር ያገኛል። ስም ለማወቅ ተክል መቁረጥ እንደ ግዴታ ይቆጠር በነበረበት መስክ ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። በሰሜን ተራሮችም ሆነ በባሌ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ ዕፅዋት መቁረጥ አይገባም፤ አጉሊ መነጽር ያለው ሰው ደግሞ መቁረጥ አያስፈልገውም፣ ቁጥቋጦው በሥሩ እንደቆመ ይመረምረዋልና።

ስለ አጠባበቁ፦ ሌንሱን በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ እጅጌ መጥረግ መታቀብ ያለበት ልማድ ነው፤ የደጋ አቧራ ጠጣር ቅንጣት ስላለው መስታወቱን ይቧጭረዋል። በቅድሚያ እፍ ብሎ አቧራውን ማራገፍ፣ ቀጥሎ የዓይን መነጽር በሚጠረግበት ለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል። በክረምት ጉም ውስጥ ከተዋለ ወደ ሽፋኑ ከመመለሱ በፊት ተከፍቶ መድረቅ አለበት፤ እርጥበት ሌንሶቹ ወደ ተጣበቁበት ስፍራ ከገባ ምስሉን የሚያደበዝዝ ደመና ይሠራል፣ ያም አይጠገንም። ማሰሪያውም ቀይ ወይም ብርቱካናማ ክር ቢሆን ይመረጣል፤ በጓሳ ሣር መካከል የወደቀ ጥቁር መነጽር ክሩ ካልታየ በቀር አይገኝም።